ዐለት የሚመታ ነፋስ

የውኃ ጠብታ ውሎ አድሮ ድንጋይ እንደሚበሳ የማያውቅ የለም። ነፋስ ዐለት ይሰብራል ቢሉት ግን የሚያምን ጥቂት ነው። በእኛ አነጋገር ነፋስ የከንቱነት ምሳሌ ነውና፤ ፍሬ የሌለው ድካም ነፋስን መጎሰም ይባላል። ሆኖም ከሥሩ ጠንካራ ዐለት በተነጠፈበት በዚህ በእኛ ምድር፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ በቦኖ ከሚቀዳው ውኃ ቀላል የማይባለው የተገኘው በታመቀ ነፋስ በሚሠራ መዶሻ ነው። ከዚህ መዶሻ አጠገብ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ሥራዬ የሥነ ምድር ባለሙያ ሆኖ፣ መሣሪያው ከሚተፋው ስብርባሪ በየሜትሩ እፍኝ እየዘገንሁ፣ አጥቤና በማጉያ መነጽር አይቼ፣ የምድሩን ገጽ በመዝገብ መጻፍ ነበር። ስለዚህ ለመዶሻው ምስጋናም አለኝ፤ ወቀሳም አለኝ። ወቀሳዬ እንኳ የሚበዛው በእርሱ ላይ ሳይሆን በእኛ በሰዎቹ ላይ ነው።

አስቀድሜ ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። በጭነት መኪና ላይ የተተከለውና ከሩቅ የሚታየው ማማ፣ ባለሙያዎቹ «ሪግ» የሚሉት፣ የመሣሪያው ትከሻ ነው እንጂ እጁ አይደለም። እጁ አይታይም። በረጃጅም የብረት ዘንጎች ጫፍ፣ ከጉድጓዱ ወለል ላይ፣ የሰው ጭን ያህል የሚወፍር አንድ ሲሊንደር አለ። በሆዱ ከባድ ፒስተን ይመላለሳል። ኮምፕረሰሩ ከላይ ያመቀው አየር በዘንጎቹ ክፍት እምብርት ወርዶ ፒስተኑን ያነሣዋል፤ መልሶም ወደ ታች ይወረውረዋል። ፒስተኑ የሚያርፈው ድንጋዩን በነከሰው ጥርስ አናት ላይ ነው። ይህ ምልልስ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። የአንድ አነስተኛ መኪና ጎማ የሚይዘው ነፋስ ግፊቱ 2 ባር ገደማ ነው፤ ለጥልቅ ጉድጓድ የሚያገለግሉት ኮምፕረሰሮች ግን 20 ባርና ከዚያም በላይ ያምቃሉ። ዘንጉ ይዞራል፤ አዟዟሩ ግን እንደ አናጢ መሰርሰሪያ አይደለም፤ ዝግ ያለ ነው። የሚዞረውም በጥርሱ ፊት ላይ የተተከሉት የተንግስተን ካርባይድ ጉጦች በእያንዳንዱ ምት ያልተነካ ድንጋይ እንዲያገኙ ነው። ዐለቱ አይቆረጥም፤ ይደቅቃል።

ሥራውን የጨረሰው ነፋስ ዕረፍት የለውም። በጥርሱ ቀዳዳዎች ወጥቶ፣ የደቀቀውን ድንጋይ ተሸክሞ፣ በዘንጉና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ሽቅብ ይሮጣል። ይህ ሩጫ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ካልሆነ ስብርባሪው ተመልሶ ይወድቅና መዶሻውን ከነዘንጉ ይቀብረዋል። እንግዲህ አንዱ ነፋስ መቺም ጠራጊም ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ያለው በሁለተኛው ሥራው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የተጠረገው ድንጋይ ወጥቶ የሚያርፍበት ቦታ አለ። ያም ቦታ ሰው የቆመበት ነው።

ዐለት መብሳት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉት በእጅ መሣሪያ ነው፤ ሌሊቱን መላእክት ያግዙ እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። የቦረና ሰዎችም ዘጠኙን ቱላ ከዐለት በታች የቆፈሩት በክንዳቸው ነው። ዛሬም ድረስ ከእነዚያ ኤላዎች ሥር አንዱ ከአንዱ በላይ ተሰልፈው፣ እያዜሙ ውኃውን እጅ በእጅ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። በሌላውም ዓለም ሥራው ያው ነበር፤ አንዱ ብረቱን ይይዛል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ያዡ ብረቱን ትንሽ ያዞረዋል። የዛሬው መሣሪያ ይህንኑ የሁለት ሰዎች ሥራ ወረሰ እንጂ አዲስ ዘዴ አልፈጠረም።

ነፋስ የመቺውን ቦታ የያዘው በአልፕስ ተራሮች ሥር ነው። ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚያገናኘው የፍሬዡስ የባቡር ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1857 ሲጀመር በእጅ ይቆፈር ነበር። መሐንዲሱ ጀርሜን ሶሜይሌ ከ1861 ጀምሮ በታመቀ አየር የሚሠሩ መሰርሰሪያዎችን አስገባ፤ አየሩን ያመቀውም ከተራራው የሚወርደው ውኃ ጉልበት ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ይፈጃል የተባለው ሥራ በ1871 ተጠናቀቀ። ሶሜይሌ ዋሻው ሊመረቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሞተ። በዚያ ዘመን መዶሻው ገና ከዘንጉ በላይ ነበር፤ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥርም የምቱ ኃይል በየመጋጠሚያው ይባክናል። መዶሻውን ራሱን ወደ ጉድጓዱ ሥር ማውረድ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሲስፋፋ፣ ያ ብክነት ቀረ። ለውኃ ጉድጓድ የተመቸውም ይህ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የበጋ ወራት በቦረና ቆላ አንድ መንደር አጠገብ ሰፈርን። ምድሩ ጥንታዊ ነው፤ ከላይ ጥቂት ሜትር ቀይ አፈር፣ ከዚያ በታች ግራናይትና ዘመዶቹ። እንዲህ ባለው ዐለት ውስጥ ውኃ የሚገኘው በስንጥቅ ነው፤ ስንጥቁን ያገኙት እንደሆነ ይጠጣሉ፣ በአንድ ሜትር የሳቱት እንደሆነ ደረቅ ጉድጓድ ትተው ይሄዳሉ። መንደርተኛው ከጠዋት ጀምሮ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ ይመለከተናል። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ነበር የመጡት፤ ውኃው ዕለቱን ይወጣል ብለው ይሁን፣ ከመንገድ ቀርተው ይሁን፣ አልጠየቅሁም።

መዶሻው ሲጀምር ጩኸቱ አያድርስ ነው። ጥቂት ሜትር ከገባ በኋላ ግን ድምፁ ምድር ውስጥ ይቀበራል፤ ከላይ የሚቀረው የኮምፕረሰሩ ጩኸት ነው። ያን ጊዜ የቁፋሮው ኃላፊ መዶሻውን በጆሮው ሳይሆን በእጁ ያዳምጠዋል። ኃላፊያችን ከ20 ዓመት በላይ በሙያው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። መዳፋቸውን በመቆጣጠሪያው ዘንግ ላይ አሳርፈው፣ ከ60 ሜትር በታች ያለው ድንጋይ ጠንካራ ይሁን የተሰነጠቀ በንዝረቱ ያውቁ ነበር። ብዙ ጊዜ እኔ በመነጽር አይቼ ከመጻፌ በፊት «ተለወጠ» ይሉኛል፤ ስብርባሪው ደርሶ ሳየው እውነትም ተለውጧል።

ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣው ዱቄት ነጭ ነበር። የጤፍ ማኛ ዱቄት ይመስላል፤ እንደ ዱቄት ይበናል፣ ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ ያርፋል። ረዳቶቹ ወጣቶች በሻሽ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ጋሼ ግን ሻሹ ትንፋሽ ይነሣኛል ይሉ ነበር። ይህን አቧራ የሚያስቀር ዘዴ በመሣሪያው ላይ ተሠርቶለታል፤ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ከአየሩ ጋር በደቂቃ ጥቂት ሊትር ውኃ ትረጫለች፣ ዱቄቱም ረጥቦ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ይወድቃል። የእኛ ፓምፕ ተበላሽታ ከርማለች፤ የቀጠረን ድርጅት መለዋወጫ አልገዛላትም። እንዲያም ሆኖ ባትበላሽ ኖሮ ሥራ ላይ ትውል እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ውኃ የሚያመጣልን ቦቴ የሚመላለሰው በሦስት ቀን አንዴ ነው። አንድ ቀን ስለዚሁ ነገር አንሥቼባቸው፣ ጋሼ ወደ ግራሩ ጥላ በአገጫቸው አመለከቱኝና፣

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው እያዩኝ፣ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ላፍስስ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ያን ዕለት አልነበረኝም። ጥያቄው የስስት አልነበረም፤ የይሉኝታ ነበር። ይሉኝታ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሕግ ይበረታል።

68ኛው ሜትር ላይ ነጩ ዱቄት ጠቆር አለ። ከዚያ መውጣቱን አቆመ፤ ረጥቦ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነበርና። ጋሼ አየሩን አጠንክረው አስነፉት። 71ኛው ሜትር ላይ ጉድጓዱ አንዴ አጓራና ጭቃ ተፋ፤ ቀጥሎ ድፍርስ ውኃ፤ ቀጥሎ ከማማው ወገብ የሚደርስ ነጭ ፏፏቴ። እልልታው ከኮምፕረሰሩ ጩኸት በላይ ተሰማ። ሙሴ በምድረ በዳ ዐለቱን ሁለት ጊዜ መትቶ ውኃ እንዳፈለቀ ኦሪት ይናገራል። የእኛ መዶሻ ስንት ጊዜ እንደመታ የቆጠረው የለም፤ የሕዝቡ ደስታ ግን ከዚያ ያነሰ አይመስለኝም። አንድ ሽማግሌ የጋሼን ነጭ ፊት በእጃቸው ጠርገው መረቋቸው።

በኋላ ጉድጓዱ ተለክቶ በሰከንድ 2 ሊትር ሰጠ። ያን ጊዜ ለጋሼ ጥያቄ መልስ የሚሆን ስሌት አገኘሁ። አቧራውን ለማብረድ በደቂቃ 5 ሊትር ብንረጭ፣ መዶሻው በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ፣ የምናፈሰው 1,500 ሊትር ነው። ያ ጉድጓድ ይህን ያህል ውኃ የሚመልሰው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ከግራሩ ሥር ለነበሩት ሰዎች ይህ ቢነገራቸው የሚነፍጉን አይመስለኝም። ውኃ ሳይገኝ ከቀረስ ይባል ይሆናል። ባይገኝም እንኳ 1,500 ሊትር የአንድ ሰው ሳንባ ዋጋ አይሆንም።

ሳንባ ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም። ግራናይት በውስጡ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለው፤ ይህም ሲሊካ ነው። ሲደቅ ከዱቄቱ ዓይን የሚያየው ክፍል የሚያስፈራው አይደለም፤ እርሱ በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል። የሚያስፈራው የማይታየው፣ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያነሰው ነው። እርሱ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል፤ አይሟሟም፣ አይወጣም። አካል ሊዋጋው ሲል ሳንባውን ራሱን ጠባሳ ያደርገዋል። ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ይገለጣል፣ መድኃኒትም የለውም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የሚበዛው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ኳርትዙ ጥቂት ስለሆነ በዚህ በኩል ጉዳቱ ቀለል ይላል። በትግራይ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል፣ በጉጂና በቦረና ከምድር ሥር ያለው ጥንታዊ ዐለት ግን በአብዛኛው ኳርትዝ ያዘለ ነው።

ዓለም ይህን የተማረው ዘግይቶ አይደለም። ጆን ጆርጅ ሌይነር የተባለ የኮሎራዶ ሰው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. በክፍት ብረት እምብርት አየር እየነፋ ጉድጓዱን የሚጠርግ መሰርሰሪያ ሠራ። ፈጣን ነበር፤ አቧራው ግን ማዕድን ቆፋሪዎቹ አንሠራም እስኪሉ አደረሳቸው። ሌይነርም ከአየሩ ጋር ውኃ ጨመረበት። መፍትሔው እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ይሁንና በ1930 እ.ኤ.አ. በዌስት ቨርጂኒያ የሃውክስ ኔስት ዋሻ ሲቆፈር፣ ሲሊካ የሞላበት ዐለት ለጥድፊያ ሲባል በደረቁ ተበሳ። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። የመታሰቢያ ሰሌዳው 109 ሰዎች መሞታቸውን ይናገራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ከ700 በላይ ገምቶታል። በአህጉራችንም የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች፣ ከሌሶቶና ከሞዛምቢክ የሄዱትን ጨምሮ፣ ለሲሊኮሲስና ለሳንባ ነቀርሳ ካሣ የሚሰጣቸውን የ5 ቢሊዮን ራንድ ስምምነት የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያጸደቀላቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙዎቹ ያን ቀን ሳያዩ አልፈዋል።

ጋሼም አልፈዋል። በ2005 ዓ.ም. ልጠይቃቸው ስሄድ ከአልጋቸው እስከ በሩ ለመራመድ ሁለት ጊዜ ያርፉ ነበር። በአንድ ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብለው ለወራት መድኃኒት ወስደዋል። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ተጠይቀዋል፤ አያጨሱም። ሥራቸው ምን እንደነበር የጠየቃቸው አልነበረም። ሲሊካ ያቆሰለው ሳንባ ለነቀርሳም ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ ሐኪሞቹ ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ያ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ቢያንስ ሰውየው የሚሞቱት በምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ ለቅሶ ደራሹ «ሳል ነው የገደላቸው» እያለ ያወራ ነበር።

ሌላው ጉዳት የጆሮ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ተረቱ ስለ ሐሜት ቢሆንም ለእኛ ሙያ ቃል በቃል ይሠራል። ጆሮ ሲጎዳ አያምም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው መጨረሻ ነው። የሙያ ጤና አዋቂዎች ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቅዱት የድምፅ ልክ 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኮምፕረሰርና መዶሻ በአንድነት ይህን በቀላሉ ያልፋሉ። እኔ ዛሬ የልጅ ልጄ በጆሮዬ ስታንሾካሹክ የሚደርሰኝ ትንፋሿ እንጂ ቃሏ አይደለም። እስቃለሁ፤ እርሷም የሰማሁ ይመስላታል።

መዶሻን የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ ብቻ አይደለም። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሻና በድንጋይ ካባ ሥራ የታመቀ ዘይት ቦታውን ወርሷል፤ የሚፈጀው ጉልበት ነፋሱ ከሚፈጀው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ዘይቱ ግን ተመልሶ ወደ ጋኑ መግባት ስላለበት መዶሻው ከላይ ይቀራል፤ ለጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አይመችም። በስዊድን የኪሩና ብረት ማዕድን ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በውኃ ግፊት የሚመታ መዶሻ ወደ ጉድጓዱ ሥር ይወርዳል። አቧራ የሚባል ነገር የለውም። የሚፈልገው ግን በደቂቃ በመቶ የሚቆጠር ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህን ወደ ቦረና ማምጣት ለተጠማ ሰው በቅድሚያ ወንዝ እንዲያመጣ እንደመንገር ነው። ስለዚህ ለእኛ ገና ለረጅም ጊዜ መዶሻችን ነፋስ ነው።

ነፋሱ ይቆይ፤ አቧራው ግን መቆየት የለበትም። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የምትሠራ የውኃ መርጫ ፓምፕ፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ የሚዘረጋ መከለያ፣ ለሲሊካ የሚሆን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ መቆም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሥራ ያመጣው በሽታም በሕጉ ታውቋል። ሆኖም የቁፋሮ ውል አንብቤያለሁ። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሜትር አለ፣ ኬዚንግ አለ፣ ጠጠር አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ የፓምፕ ሙከራ አለ። የሰው ሳንባ የለም። ዋጋ ያልወጣለት ነገር ደግሞ በሥራ ቦታ እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህን የምጽፈው ለባለሙያዎች ብቻ አይደለም። በዚህ አካባቢም ሆነ ከዚያ ማዶ የሚኖሩ ብዙ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው ለትውልድ መንደራቸው ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ የምረቃውን ፎቶግራፍ ተቀብለው ደስ ይላቸዋል። ሊላቸውም ይገባል። ያ ገንዘብ ግን የጥያቄ መብትም ይሰጣል። ውሉን ከመፈረማቸው በፊት «ውኃ እየረጫችሁ ነው ወይስ በደረቁ የምትቆፍሩት?» ብለው ይጠይቁ፤ ለፓምፗና ለቦቴው የሚሆነውን በዋጋው ውስጥ ያስገቡት። በአንድ ጉድጓድ ወጪ ላይ የሚጨምረው እጅግ ትንሽ ነው። ባዶ ጀሪካን ይዘው በጥላ ሥር የሚቀመጡት ሰዎችም ነገሩ ከተነገራቸው፣ ለቆፋሪያቸው ጥቂት ውኃ አይነፍጉም።